ለኮምቦልቻው በያጅ፦ ዊሊስተን ልሂድ ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ እንኳን ዲቪው ደረሰህ። የአጎትህ ልጅ «ኖርዝ ዳኮታ ና፣ ነዳጅ ቦታ ገንዘብ አለ» ካለህ አልዋሸህም፤ ዊሊስተን የዚያው የአሜሪካ ግዛት የነዳጅ ከተማ ናት። ግን ወሬው የቆየ እንዳይሆን። እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ድረስ ሰው መኪናው ውስጥ እያደረ ይቀጠር ነበር፤ የቤት ኪራዩ እሳት ነበር። ከዚያ የነዳጁ ዋጋ በበርሜል ከ100 ዶላር በላይ ከነበረበት 2016 መጀመሪያ ላይ ከ30 በታች ወረደና ስንቱ ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። ዛሬም ምርቱ በቀን ከ1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ነው፤ ስለዚህ ስራ አይጠፋም።

አንተን የሚያዋጣህ እጅህ ነው። የልምድ ወረቀትህን ብዙም አያዩልህም። ቧንቧ ሰጥተው «በይድ» ይሉሃል፤ ከዚያ ብየዳውን ወይ ቆርጠው በማጠፍ ይፈትሹታል፣ ወይ በኤክስሬይ ያዩታል። ስለዚህ ከመሄድህ በፊት የቧንቧ ብየዳ ተለማመድ፣ በተለይ ከስር ወደ ላይ የሚበየደውን። በርና መስኮት መስራት ብቻውን አያሳልፍህም።

ብርዱን ደግሞ በደሴ አትለካው! የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ጃኬት የምትደርብበት አየር ለነሱ ጸደይ ነው። እዚያ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚገባበት ጊዜ አለ፣ ስራው ደግሞ ሜዳ ላይ ነው።

የአጎትህን ልጅ ማደሪያውን ኩባንያው ይችላል ወይስ ከደሞዝህ ነው በለው። ሚስትህንና ልጆቹን ግን ስራ ሳትይዝ ወደዚያ እንዳታንቀሳቅስ።