ቻናል ከመክፈታችሁ በፊት ሜትር ግዙ

ደብረ ማርቆስ ላይ ልብስ ስሰፋና ስሸጥ ነው ጸጉሬ የሸበተው። ለዚህ ነው መሰል፣ ልብስ ሊነግድ ያሰበ ወጣት ሁሉ «ጋሼ፣ ሱቅ ልከራይ ወይስ ቴሌግራም ይበቃኛል?» ይለኛል።

እውነቱን እንነጋገር። የሱቅ ኪራይ ወገብ ይሰብራል። ቻናል ግን ኪራይ የለበትም። ፎቶው ከመርካቶ ይመጣል፣ ብሩ በቴሌብር ይገባል፣ ዕቃው በአውቶቡስ ይላካል። እኛ ባለሱቆች የልብስ መለኪያ ክፍል ሆነን ቀርተናል። ደንበኛው ገብቶ ይለካል፣ ፎቶ ያነሳል፣ «ዞር ዞር ብዬ እመጣለሁ» ብሎ ይወጣል። አይመጣም። አልፈርድበትም፤ ብር የተረፈው ሰው የለም።

ውጭ አገርም ያው ነው። ዴብናምስ የሚባለው የእንግሊዝ መደብር ከ1778 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረ ነው። በ2021 ቡሁ የተባለ የኦንላይን ነጋዴ ስሙን ገዛና ሱቆቹን ተወ፤ ተዘጉ። ግን ከዚህ ተነስታችሁ ሱቅ አበቃለት እንዳትሉ። ዛራ የተባለው ትልቅ የልብስ ነጋዴ በ2022 እዚያው እንግሊዝ በኦንላይን የተገዛ ልብስ በፖስታ ሲመለስ ማስከፈል ጀመረ፤ ሱቁ ድረስ ወስዶ ለሚመልስ ግን በነፃ ነው። ትልቁም ነጋዴ የሚደማው ዕቃ ሲመለስ ነው ማለት ነው።

ስልክ ቀለሙን ያሳያል፤ ትከሻ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ አያሳይም። ለፋሲካ ሰሞን አንዲት ልጅ በኦንላይን የገዛችውን ቀሚስ ይዛ መጣች። ላርጅ ይላል፣ ደረቷ ላይ ግን አልዘጋ አለ። ገልብጬ ስፌቱን አየሁት። ትርፍ የሚባል ጨርቅ አልተውለትም፤ ጠርዙ ድረስ በኦቨርሎክ፣ ጠርዝ በሚጠልፈው ማሽን፣ ተጨርሷል። ትርፍ ቢኖረው ጎኑን ፈትቼ አሰፋላት ነበር። ሻጩ ጋ ብትደውል «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አላት።

እናንተ ላርጅ ብላችሁ አትለፉ። ልብሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመቱን በሴንቲሜትር ጻፉ። ገልብጣችሁ ስፌቱንም ፎቶ አንሱት። ዋጋውንም ጻፉ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የምትሉት ነገር ያናድደኛል። የሰው ኪስ አይታችሁ ነው እንዴ የምትቆርጡት?

ሱቅ ስል ዋና መንገድ ላይ ያለ ባለመስታወት ቤት ማለቴ አይደለም። መጋረጃና አንድ ትልቅ መስታወት ያለው ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ተከራዩ። አንዳችሁ ስፌት የሚችል ይሁን። በእኛ አቆጣጠር በ2015 ክረምት ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ቻናል ብቻ የነበረው ልጅ ደንበኛውን የት ብሎ ይፈልገው?

ከገጠር የሚመጣውንም ገበያተኛ አትርሱት። የጎጃም ገበሬ ቁምጣውን በልኩ አሰፍቶ ነው የሚለብሰው። ኪሱ የት እንደሚሆን፣ ርዝመቱ የት እንደሚደርስ አጠገባችሁ ቆሞ ያዛል። ጨርቁን በጣቱ ሳያሽ ሳንቲም አያወጣም። ለእሱ የሚሰፋ ወጣት እያጣን ነው፤ ሥራው ግን አለ።

ስለ መመለሻም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ልኩን የተሳሳታችሁት እናንተ ከሆናችሁ የትራንስፖርቱን ክፈሉ፤ ሐሳቡን የቀየረው ደንበኛው ከሆነ እሱ ይክፈል። ይህን ከዋጋው ሥር ጻፉት።