የጤና ቁጠባዬን ከልክ በላይ ሞላሁት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሜሪላንድ እሠራ ነበር። እናቴ ስለታመመች በፈረንጅ አቆጣጠር ጁን 30 ቀን 2025 ሥራዬን ለቅቄ መጣሁ። ኢንሹራንሴም በዚያው ቀን ተቋረጠ። ታክስ ሳይከፈልበት ለሕክምና ለሚጠራቀመው የጤና ቁጠባ ሂሳቤ፣ ኤችኤስኤ ለሚሉት፣ ከደሞዜ በወር 200 ዶላር፣ በጠቅላላው 1,200 ገብቷል። የዓመቱ ጣሪያ 4,300 ነው ሲሉኝ፣ «ይሙላ» ብዬ ኖቬምበር ላይ 3,100 ከኪሴ ጨመርኩ። ታክሱን ፌብሩዋሪ ላይ በኮምፒውተር ሞልቼ ላክሁ። አሁን ጓደኛዬ «ተሳስተሻል» አለችኝ። ትርፉን ለእናቴ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ብከፍለው አይስተካከልም?
ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ እውነቷን ነው። ግን አትደንግጪ፣ ጊዜ አለሽ።

4,300 ለ2025 የአንድ ሰው የሙሉ ዓመት ጣሪያ ነው። አንቺ ኢንሹራንስ የነበረሽ ስድስት ወር ነው፤ የተፈቀደልሽ ግማሹ፣ 2,150 ብቻ። 1,200ው በደሞዝሽ ስለገባ ከኪስሽ መጨመር የምትችይው 950 ነበር። ትርፉ 2,150 ሆነ። ዲሴምበር 1 ቀን ለኤችኤስኤ የሚያበቃ ኢንሹራንስ ያለው ሰው የዓመቱን ሙሉ ማስገባት ይችላል የሚል ሕግ አለ፤ የነገሩሽ ምናልባት እሱን ነው። አንቺ ግን ያን ቀን አራት ኪሎ ቡና እያፈላሽ ነበር። ፕሮግራሙ «ዓመቱን ሙሉ ኢንሹራንስ ነበረሽ?» ሲል «አዎ» ብለሽ አልፈሽ ይሆናል። ቨርጂኒያ የታክሲ ሾፌሮችን ታክስ ስሠራ ስንቱ እዚያ ጥያቄ ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ!

እናትሽን እግዜር ይማራቸው። ግን በዚህ ገንዘብ አታሳክሚያቸው። ኤችኤስኤ ለራስሽ፣ ለባልሽና የታክስ ሕጉ ጥገኛ ለሚላቸው ነው። እዚህ የሚኖሩ ኢትዮጵያዊት እናት፣ አንቺ ብትጦሪያቸውም፣ በአሜሪካ ሕግ ጥገኛሽ አይባሉም። ከከፈልሽ ከገቢ ታክሱ ሌላ 20 በመቶ ቅጣት አለ። አንቺ እዚህ ጥርስሽን ብትታከሚ ግን ይቻላል፤ ደረሰኝ ያዢ።

አሁን ሂሳቡን ለያዘው ድርጅት ደውዪ። ተራውን የገንዘብ ማውጫ ቅጽ እንዳትሞዪ፣ በካርዱም እንዳታወጪ። ከልክ በላይ የገባ ገንዘብ ማስመለሻ ቅጽ አላቸው፣ እሱን ጠይቂ። 2,150ውን ከነወለዱ ያወጡልሻል። ታክሱን በጊዜው ላቀረበ ሰው ቀነ ገደቡ ኦክቶበር 15 ቀን 2026፣ በኛ ጥቅምት 5 ቀን 2019 ነው።

ከዚያ ፎርም 1040-ኤክስ ሞልተሽ ያቀረብሽውን ታርሚያለሽ። የኤችኤስኤው ቅጽ፣ ፎርም 8889 ላይ፣ ከገቢሽ ይቀነስልኝ ያልሽውን 3,100 ወደ 950 አውርጂው። የ1040-ኤክሱ አናት ላይ በታክስ ደንቡ አንቀጽ 301.9100-2 መሠረት የቀረበ መሆኑን በእንግሊዝኛ ጻፊ፤ ይቺን ብዙ ሰው ይረሳታል። በ2,150ው ላይ የገቢ ታክሱን ከትንሽ ወለድ ጋር ትከፍያለሽ። የሜሪላንዱንም አርሚ። ገንዘቡ እዚያ ሆኖ ያፈራው ወለድ የ2026 ገቢሽ ነው።

ችላ ብትይው 6 በመቶ፣ ማለትም 129 ዶላር ቅጣት አለ። ያውም ትርፉ እዚያ እስካለ በየዓመቱ፣ በፎርም 5329። ኢንሹራንሱ የቀጠለ ሰው ትርፉን በሚቀጥለው ዓመት ጣሪያ ያቻችለዋል። አንቺ ዘንድሮ ኢንሹራንሱ ስለሌለሽ ጣሪያሽ ዜሮ ነው፣ ማቻቻያ የለሽም።

ስትደውዪ ሰዓቱን አስቢ። በዚህ ወቅት ሜሪላንድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ካርድ በደንብ ሙዪ፤ ሙዚቃ እያሰሙ ያቆዩሻል።