ፊሊስተርን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኦስሎ ነው። እዚህ ለጥበብ ደንታ የሌለውን፣ ከኑሮው ድሎት ሌላ የማይታየውን ሰው «ፊሊስተር» ይሉታል። ፖላንዳዊ ባልደረባዬም «እኛም ጋ አለ» አለኝ። «ፍልስጥኤማዊ» ብዬ ልተርጉመው?

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ! ዛሬ ፍልስጤማዊ ሲባል የሚታሰበው የጋዛና የራማላ ሰው ነው። ሳያስቡት ሕዝብ ይሰድባሉ።

ቃሉ በቀጥታ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተቀዳ ነው የሚሉ አሉ። አልቀበላቸውም። ፖላንዶች የመጽሐፍ ቅዱሱን የጥንት ሕዝብ፣ ፍልስጥኤማውያንን፣ «ፊሊስቲኒ» ይሉታል፤ ስድቡ ግን «ፊሊስተር» ነው። በአንድ በር ቢገቡ አንድ መልክ በያዙ ነበር። ስድቡ የጀርመን ተማሪዎች ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ የና በምትባል ከተማ ተማሪዎችና የከተማው ሰዎች ተደባድበው አንድ ተማሪ ሞተ፤ ሰባኪውም በቀብሩ ላይ «ሶምሶን ሆይ፥ ፍልስጥኤማውያን መጡብህ» የሚለውን ጠቀሰ ይባላል። ፍልስጥኤማዊ በጀርመንኛ «ፊሊስተር» ነውና፣ ከዚያ ወዲህ ተማሪ ያልሆነ ሁሉ ፊሊስተር ተባለ። የሚገርመው፣ በፖላንድ የተማሪ ማኅበራት ዘንድ ትምህርቱን የጨረሰ ነባር አባልም ፊሊስተር ነው። እዚያ ማዕረግ ነው!

ከተነሣ አይቀር፣ ግእዙ ዳዊት ፍልስጥኤማውያንን «ኢሎፍሊ» ይላቸዋል። መዝሙር 86 ላይ ከጢሮስና ከኢትዮጵያ ሕዝብ ጎን ያገኟቸዋል። ቃሉ የግሪክ ነው፤ የሌላ ወገን፣ ባዕድ ማለት። የየና ተማሪዎችም ሳያውቁት እዚያው ፍቺ ላይ አረፉ።

ለእኔ አቻው «መሃይም» ነበር። የመጣው «መሃይምን» ከሚለው ግእዝ ነው፤ አማኝ ማለት። ካህን ያልሆነው ተራ ምእመን ቀስ በቀስ ያልተማረ ተባለ። ያው የተማሪ ንቀት ነው። ግን ዛሬ መሃይም ፊደል ያልቆጠረ ነው፤ ፊሊስተር ደግሞ ሁለት ዲግሪ ሊኖረው ይችላል። «ባላገር» እንዳይሉኝ ብቻ። ባለ አገር፣ የአገር ባለቤት እኮ ነው! ስድብ መደረጉ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የቀረን «ፋራ» ነው። አልወደውም። ደግሞ አቅጣጫው ተገልብጧል፤ የና ላይ ተሰዳቢው ከተሜው ነበር፣ አዲስ አበባ ላይ ሰዳቢው አራዳው ነው። ባለፈው ለእህቴ ልጅ አንድ ጉባኤ ቃና ልፈታለት ብጀምር፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ጋሼ፣ ፋራ ነገር ነህ» አለኝ። ከሁለታችን ፊሊስተሩ ማን እንደሆነ እርስዎ ይፍረዱ።

ሰው በአፉ ፋራ ካለ ግን ምን አባቴ አደርጋለሁ፤ ለወሬ ይበሉት። ሲጽፉ «ፊሊስተር» ብለው ይተዉትና መጀመሪያ ሲያነሡት አንዴ ይፍቱት።