ክለብ ከተማ የሚለቀው ደጋፊ ስላጣ ነው?

«ፕሮፌሽናል ክለብ የኖረበትን ከተማ ለቆ ወደ ሌላ የሚሄደው ለምንድን ነው? ደጋፊው ስላነሰ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፣ የተሰጡህን መልሶች አነበብኳቸው። አብዛኞቹ «ስታዲየም የማይሞላለት ክለብ ምን ያድርግ ታዲያ?» የሚሉ ናቸው። እኔ በአንድ ክለብ የፋይናንስ ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። ክለቡ ከተማ እንዲቀይር ሐሳብ በቀረበለት ጊዜም ሒሳቡን ከሠራነው ሰዎች አንዱ ነበርኩ። እዚያ ተቀምጬ ያየሁት ከዚህ የተለየ ነው። ክለብ በአብዛኛው የሚሄደው የሚጫወትበት ስታዲየም ገቢ የራሱ ስላልሆነ ነው። የደጋፊ መቀነስ ብዙ ጊዜ ከውሳኔው በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ከጨዋታ ማግስት ጠረጴዛዬ ላይ የሚቀመጠውን የሒሳብ ወረቀት ላሳይህ። ከላይ የትኬት ሽያጭ አለ። ሰው የሚያወራው እሱን ብቻ ነው። ከሥሩ ተቀናሾቹ ይደረደራሉ፦ የስታዲየም ኪራይ፣ የፀጥታ አስከባሪዎች ክፍያ፣ መብራት፣ ጽዳት፣ አምቡላንስ። ቀጥሎ የመኪና ማቆሚያ፣ ውስጥ የሚሸጠው ምግብና መጠጥ፣ በሜዳው ዙሪያ የተሰቀሉት ቋሚ ማስታወቂያዎች፣ ድርጅቶች በዓመት የሚከራዩዋቸው የክብር ክፍሎች ይመጣሉ። በእነዚህ ሁሉ ፊት ለፊት የእኛ ዓምድ ባዶ ነበር። ገንዘቡ የስታዲየሙ ባለቤት ነው፤ ውሉ እንደዚያ ይላል። ስታዲየሙ ጢም ብሎ ቢሞላ፣ ተመልካቹ ከትኬቱ ውጪ የሚያወጣው ሁሉ ወደ ሌላ ኪስ ይገባል። ዝናብ ጥሎ ግማሹ ወንበር ባዶ ቢቀር ደግሞ ኪራዩ አይቀንስም። ይህን ወረቀት ዓመት ከዓመት የሚያይ ባለቤት ሌላ ከተማ «ና፣ ሁሉም ያንተ ይሁን» ሲለው ምን እንደሚያስብ መገመት አይከብድም።

ነገሩ በግልጽ የሚታየው በአሜሪካ ፉትቦል ነው። ኤንኤፍኤል በሚባለው የአገሪቱ ዋና የፉትቦል ሊግ የቴሌቪዥን መብት ገንዘብ ለ32ቱም ክለቦች እኩል ይከፋፈላል፤ ከትኬት ገቢም ለእንግዳው ቡድን ድርሻ አለው። ከክብር ክፍሎች ኪራይና የስታዲየሙን ስያሜ ለድርጅት ከመሸጥ የሚገኘውን ግን ክለቡ በአብዛኛው ለራሱ ያስቀራል። ስለዚህ አንዱ ባለቤት ከሌላው የሚበልጠው በስታዲየሙ ነው ማለት ይቻላል። የክሊቭላንድ ከተማን ክለብ ብራውንስን ተመልከት። ደጋፊው በጣም ብዙና በጣም ታማኝ ነበር። ግን ያረጀውን ስታዲየም አብሮት ይጠቀም የነበረው የቤዝቦል ክለብ እ.ኤ.አ. በ1994 ወደ አዲስ ስታዲየም ሲሄድ፣ ስታዲየሙን ያስተዳድር የነበረው የብራውንስ ባለቤት አርት ሞዴል ትልቅ ገቢ አጣ። በኅዳር 1995 ቡድኑን ወደ ባልቲሞር እንደሚወስድ አስታወቀ፤ እዚያ በመንግሥት ገንዘብ አዲስ ስታዲየም እንደሚሠራለት ቃል ተገብቶለት ነበር። ያቺው ባልቲሞር ራሷ በመጋቢት 1984 ኮልትስ የተባለውን ክለቧን አጥታለች። የክለቡ ንብረት በአንድ ሌሊት በጭነት መኪኖች ተጭኖ ወደ ኢንዲያናፖሊስ ሄደ። ባልቲሞር የምትገኝበት የሜሪላንድ ግዛት ሕግ አውጪዎች ክለቡን ለሕዝብ ጥቅም መውረስ የሚያስችል ሕግ እያዘጋጁ ስለነበር፣ ባለቤቱ እስኪነጋ አልጠበቀም። ኢንዲያናፖሊስ ደግሞ ጣሪያ ያለው አዲስ ስታዲየም ሠርታ፣ የሚጫወትበት ቡድን ሳይኖራት ትጠብቅ ነበር።

ስታዲየም ሠርቶ ቡድን መጠበቅ በእግር ኳሱም አለ። ደቡብ ኮሪያ ከጃፓን ጋር ላስተናገደችው የ2002 ዓለም ዋንጫ ሴኡል ላይ ግዙፍ ስታዲየም ገነባች። ውድድሩ ሲያልቅ የሚጫወትበት የሊግ ክለብ አልነበረም። በ2004 የአንያንግ ክለብ ተነሥቶ ሴኡል ገባና ኤፍሲ ሴኡል ሆነ። በ2006 የቡቾን ክለብ በተመሳሳይ መንገድ ወደ ጄጁ ደሴት ሄደ፤ እዚያም የዓለም ዋንጫ ስታዲየም ነበር። በሜክሲኮም በ2020 ሞሬሊያን የምታህል የኳስ ከተማ የአንደኛ ሊግ ክለቧን ለማዛትላን ሰጠች። ማዛትላን ላይ የግዛቱ አስተዳደር አዲስ ስታዲየም አስገንብቶ ነበር። ሕንፃ ሲሠራ ወጪው አንድ ጊዜ ይጸድቃል፤ ባዶ ሲቀመጥ ግን በየዓመቱ ያስወቅሳል። ስለዚህ ጠሪው ከተማ ለክለቡ የሚያቀርበው ውል ነባሩ ከተማ ሊሰጥ ከሚችለው በላይ የተመቸ ይሆናል።

አሁን ስለ ለንደኑ ክለብ ዊምብልደን ልንገርህ፤ ይህን ታሪክ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ክለቡ በ1889 የተመሠረተ ነው። በ1977 ወደ እንግሊዝ ሊግ ገብቶ፣ በ1988 ሊቨርፑልን 1 ለ 0 አሸንፎ የኤፍኤ ዋንጫን የወሰደ የሰፈር ክለብ። በ1989 ብዙ ደጋፊዎች ተጨናንቀው ከሞቱበት የሂልስብራ ስታዲየም አደጋ በኋላ የወጣው የቴይለር ሪፖርት ትልልቆቹ ክለቦች ተመልካቹ ሁሉ ወንበር ላይ የሚቀመጥበት ስታዲየም እንዲኖራቸው ጠየቀ። ዊምብልደን «ፕላው ሌን» የተባለው ትንሽ ሜዳው ለዚያ አይበቃም ብሎ በ1991 ወደ ሌላው የለንደን ክለብ ክሪስታል ፓላስ ሜዳ በኪራይ ገባ። ጊዜያዊ የተባለው ኪራይ 12 ዓመት ሆነ። በመካከሉ የፕላው ሌን መሬት ለሱፐርማርኬት ኩባንያ ተሸጠ። እኔ ክለቡ የሄደው ያን ቀን ነው እላለሁ። መሬት የሌለው ክለብ የሚያስረው ነገር የለም፤ ኪራይ የትም ኪራይ ነው። በ2001 አመራሩ ከደቡብ ለንደን 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ሚልተን ኪንስ እሄዳለሁ አለ። በግንቦት 2002 የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር የሰየመው ባለ ሦስት አባላት ኮሚሽን 2 ለ 1 በሆነ ድምፅ ፈቀደ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን «ደጋፊ ስላጣ ነው» የሚሉ ሰዎች ቢያስተውሉት ደስ ይለኛል። ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ደጋፊው በአንድ ጊዜ ክለቡን ተወው። በ2002–03 የውድድር ዘመን ከአንድ ሺህ ያነሰ ሰው የገባበት ጨዋታ ነበር። ያንን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው «ይኸው፣ ደጋፊ የለውም» ሊል ይችላል። ግን እነዚያ ደጋፊዎች አልጠፉም። በ2002 የራሳቸውን ክለብ፣ ኤኤፍሲ ዊምብልደንን፣ መሥርተው ከታችኛው እርከን ጀመሩ። በ2011 ወደ እንግሊዝ ሊግ ተመለሱ፤ በ2020 ከድሮው ሜዳ አጠገብ አዲስ ስታዲየም አቆሙ። የሄደው ክለብ በ2004 ኤምኬ ዶንስ የሚል ስም ያዘ። የዊምብልደንን ዋንጫዎችም በ2007 ለሜርተን የአካባቢ ምክር ቤት አስረከበ። አንያንግም እንደዚሁ አደረገ፦ በ2013 አዲስ ክለብ አቋቋመ፣ በ2024 የሁለተኛው ሊግ ሻምፒዮን ሆኖ ወደ ላይ አደገ።

ታዲያ እንዲህ የሚጠቅም ከሆነ ሁሉም ለምን አይሄድም? ደንቡ ስለሚለያይ ነው። የኤንኤፍኤል ሊግ ዝግ ነው። ወራጅ የለም፣ የክለቦች ብዛት የተወሰነ ነው። ክለብ የሌለው ከተማ ቡድን ማግኘት የሚችለው ሊጉ አዲስ ሲጨምር ወይም ከሌላ ከተማ ሲወስድ ነው። ለመዛወር ከ32ቱ ባለቤቶች የ24ቱ ድምፅ ይበቃል። መውጣትና መውረድ ባለበት ሊግ ግን አንድ ከተማ ከታች ጀምሮ በሜዳ ላይ ማደግ ይችላል፤ ስለዚህ የሌላውን ከተማ ቦታ መውሰድ ወረፋ እንደመዝለል ይቆጠራል። የፊፋ ደንብም ዋና መሥሪያ ቤት በመቀየር፣ ስም በመቀየር ወይም የክለቦችን ድርሻ በማዘዋወር ለሊግ ተሳትፎ መብቃትን ይከለክላል። ጀርመን ውስጥ ከጥቂት ክለቦች በስተቀር አብዛኛው ድምፅ በአባላት እጅ መሆን ስላለበት፣ አንድ ባለሀብት ብቻውን ተነሥቶ ክለቡን ጭኖ መሄድ አይችልም። የኤንኤፍኤሉ ግሪን ቤይ ፓከርስም ባለድርሻው ሕዝቡ ስለሆነ፣ በዚያች ትንሽ ከተማ እስከ ዛሬ አለ።

በግድ የሚሰደዱም አሉ። የዩክሬኑ ሻክታር ዶኔትስክ ከ2014 ጀምሮ በጦርነት ምክንያት ሜዳውን ጥሎ በሊቪቭ፣ በካርኪቭና በኪዬቭ ሲጫወት ቆይቷል። ይህን ከሌሎቹ ጋር መደባለቅ ተገቢ አይደለም።

ወደ እኛ ክለብ ልመለስ። ከሌላ ከተማ የመጡት ሰዎች የስታዲየም ሞዴል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ የመኪና ማቆሚያውን በጣታቸው እያሳዩ «ይህም ያንተ ነው» ይሉ ነበር። የእኛ አለቆች ከልብ ለመሄድ አስበው እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም። ግን ያ ስብሰባ መደረጉ በከተማው አስተዳደር ጆሮ እንዲገባ አድርገዋል። ብዙ የማዛወር ወሬ ለዚሁ የሚነዛ ነው። ሎስ አንጀለስ ከ1995 እስከ 2015 የኤንኤፍኤል ቡድን ሳይኖራት የቆየችበት ዘመን ለሌሎች ክለቦች ባለቤቶች ጥሩ ማስፈራሪያ ሆኖ አገልግሏል። እኛ ጋ አዲስ ውል ተፈረመ፦ ኪራዩ ከገቢ ጋር እንዲወጣና እንዲወርድ ተደረገ፣ ማስታወቂያውና የመኪና ማቆሚያው ለክለቡ ተላለፈ። ባዶ የነበሩት ረድፎች ቁጥር ሲጻፍባቸው ስለመሄድ የሚያወራ ጠፋ። ደጋፊው ግን ያው ነበር፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

ስለዚህ ክለብህ ሊሄድ ይሆን ብለህ ከፈራህ የተመልካቹን ቁጥር ሳይሆን የኪራይ ውሉን ተከታተል። መቼ ያልቃል? ከጊዜው በፊት ለመውጣት የሚያስችል አንቀጽ አለው? ሴንት ሉዊስ የኤንኤፍኤል ክለቧን ራምስን በ2016 ያጣችው፣ ስታዲየሟ በሊጉ ምርጥ ከሚባሉት ተርታ እንዲሆን፣ ካልሆነ ክለቡ ከረጅም ውሉ እንዲፈታ የሚል አንቀጽ በመፈረሟ ጭምር ነው። መሬቱ በማን ስም እንዳለና ማን ሊገዛው እንደሚጠይቅም እወቅ። የክለቡ ስም፣ ቀለምና ዋንጫ የከተማው ሆኖ እንዲቀር ስምምነት መኖሩን ጠይቅ፤ ክሊቭላንድ ስሙንና ታሪኩን ማስቀረት ስለቻለች በ1999 ብራውንስን እንደገና መጀመር ችላለች። ክሊቭላንድ በምትገኝበት በኦሃዮ ግዛት ከብራውንስ መሄድ ቁጣ የተነሣ በወጣ ሕግ መሠረት፣ በግብር ገንዘብ የተደገፈ ስታዲየም የሚጠቀም ክለብ ከግዛቱ ከመውጣቱ በፊት ስድስት ወር ቀድሞ ማሳወቅና ለአካባቢው ሰዎች የመግዛት ዕድል መስጠት አለበት። በ2017 የኦሃዮው እግር ኳስ ክለብ የኮሎምበስ ክሩ ባለቤት ወደ ኦስቲን እሄዳለሁ ሲል ደጋፊዎቹ ሰልፍ ብቻ አልወጡም። በዚህ ሕግ መሠረት በባለቤቱ ላይ ክስ ሲመሠረት፣ እነሱ ደግሞ ገዢ እስኪገኝ ድረስ የወቅት ትኬት ቃል ኪዳን እየሰበሰቡ ቆዩ። ክለቡ ለአዲስ ባለቤቶች ተሸጦ እዚያው ቀረ።