የበሽተኛውን ዕድሜ አትጠይቁ

አብራሪ፣ የበረራ ነርስ ወይም የአውሮፕላን ቴክኒሻን ለመሆን የምታስቡ ልጆች አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ታነሱልኛላችሁ። "ትልቅ አየር መንገድ እስኪጠራኝ ልጠብቅ ወይስ ከትንሹ ልጀምር?" ትንሹ የምትሉት ጠዋት ጭነት፣ ማታ በሽተኛ የሚያመላልሰውን ዓይነት ድርጅት ነው። እኔ ጸጉሬ የሸበተው እዚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ ምክሬ ትንሽ አድልዎ አለበት። ይህን እያወቃችሁ አንብቡት።

አዲስ የሚመጡ ልጆች ጭነት ይንቃሉ። እኔም ንቄ ነበር። ቃሬዛ ጭኖ መብረር ደረት ያስነፋል፤ የማሽን መለዋወጫ ጭኖ መብረርን ግን ማንም ቤቱ ሄዶ አያወራውም። የአምቡላንሱ ስልክ ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ሊል ይችላል። ከዚያ በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ይጮሃል። ኢንሹራንሱ፣ የሞተር ጥገናው፣ የሠራተኛው ደሞዝ ግን ስልኩን አይጠብቁም። ያንን ክፍተት የሚሸፍነው የጠዋቱ ጭነት ነው። ይህ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ ጆን ፍሊን በተባለ ቄስ ሐሳብ የተመሠረተው የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1928 ከክሎንከሪ ከተማ ሥራ ሲጀምር የራሱ አውሮፕላን አልነበረውም። የተከራየው ከኳንታስ ነው። ኳንታስ ደግሞ ያኔ ፖስታና መንገደኛ የሚያመላልስ ትንሽ ድርጅት ነበር።

ጥንቃቄንም ቢሆን የተማርኩት ከጭነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ቫሉጄት የተባለ የአሜሪካ አየር መንገድ አውሮፕላን ፍሎሪዳ ውስጥ ረግረግ ላይ ወድቆ 110 ሰዎች አልቀዋል። እሳቱን ያስነሱት ዕቃ ክፍሉ ውስጥ የተጫኑ ካርቶኖች ነበሩ። ካርቶኖቹ ውስጥ የነበሩት አሮጌ የኦክስጅን ማመንጫዎች ናቸው፤ ሥራ ሲጀምሩ ክፉኛ የሚግሉ። ወረቀቱ "ባዶ" ይላል። ባዶ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ አፍጋኒስታን ውስጥ ካለው ከባግራም የተነሳ አንድ ቦይንግ 747 የጭነት አውሮፕላን ከጫናቸው ወታደራዊ ተሽከርካሪዎች ቢያንስ አንዱ ከማሰሪያው ተፈትቶ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ሰባቱም ሠራተኞች ሞቱ። እኛ በሴስና ካራቫን ወይም በፒላተስ ፒሲ 12፣ በእነዚህ ባለ አንድ ሞተር ትንንሽ አውሮፕላኖች፣ ተሽከርካሪ አንጭንም። ግን ከአብራሪው ጀርባ በደንብ ያልታሰረ አንድ ሳጥን ይበቃል። ጭነት ሲጫን አጠገቡ ቁሙ። ወረቀቱን አንብቡ፣ ከዚያ ሳጥኑን አንብቡ። ሁለቱ ካልተስማሙ ሳጥኑ መሬት ይቅር።

ይህን የምላችሁ ራሴ ስለተሞኘሁ ነው። አንድ ቀን የላቦራቶሪ ናሙና የያዘ ሳጥን ምልክቱን ሳላይ ተቀበልኩ። ከተነሳን ትንሽ ቆይቶ ራሴን ያመኝ ጀመር። ነርሷም ትንፋሽ ያጥራታል። ሳጥኑ ውስጥ የነበረው ደረቅ በረዶ ነበር። ደረቅ በረዶ ማለት የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አይቀልጥም፣ በቀጥታ ጋዝ ይሆናል፤ ጠባብ ካቢን ውስጥ ደግሞ የምትተነፍሱትን አየር ይሻማል። ንጹሕ አየር የሚያስገባውን ሁሉ ከፍተን፣ ጭንብል አጥልቀን ተመለስን። ያሳፈረኝ ምልክቱ በትልቁ ተጽፎ ማግኘቴ ነው።

አብራሪ የምትሆኑ፣ ነርሶቹን ስሟቸው። የካቢን ግፊት የሚስተካከልበት አውሮፕላን ውስጥ እንኳን ከፍ ብላችሁ ስትበሩ ውስጡ እስከ 8,000 ጫማ ከፍታ ያለ ያህል ሊሆን ይችላል። ከባሕር ወለል ተነስታችሁ እዚያ ስትደርሱ የተዘጋ ቦታ ውስጥ ያለ አየር በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያብጣል። ለጤነኛ ሰው ጆሮው ጧ ቢል ነው። ሳንባው ዙሪያ አየር ለገባበት በሽተኛ ግን ሞት ሊሆን ይችላል። ጉሮሮው ውስጥ የገባው የመተንፈሻ ቱቦ ጫፍ ላይ ያለችው ፊኛም ታብጣለች። ስለዚህ ነርሷ "ዝቅ ብለን እንሂድ" ስትል እየተቀናጣች አይደለም። ዝቅ ማለት ነዳጅ ይበላል፣ መናወጡም ይብሳል። ምክንያቱን የማያውቅ አብራሪ ይነጫነጫል። የሚያውቅ ግን ከመነሳቱ በፊት ነዳጁን አስልቶ ይጨምራል።

አሁን ወደ ርዕሴ ልምጣ። ጥሩ ድርጅት ውስጥ የበረራ መሪው ለአብራሪው የሚነግረው ከየት ወደ የት፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ኪሎ የሚለውን ብቻ ነው። ሕፃን ነው፣ ምጥ የያዛት እናት ናት አይለውም። የአየር ሁኔታውን አይቶ እሄዳለሁ አልሄድም እስኪል ድረስ አይነገረውም። መጀመሪያ ስሰማው ጭካኔ መስሎኝ ነበር።

ገና ጀማሪ ካፒቴን ሳለሁ የምሠራበት ቦታ ይህ ልማድ አልነበረም። አንድ ሌሊት ስልኩን አንስቼ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል "ልጅ ናት፣ አምስት ዓመቷ" የሚል ነው። ደመናው ዝቅ ብሏል። ለሌላ ጭነት ቢሆን ተመልሼ እተኛ ነበር። ሄድኩ። ልጅቷን ይዘን የምናርፍበት ቦታ ዙሪያው ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ የሚታየው የማኮብኮቢያው መብራት ብቻ። እንዲህ ያለ ቦታ ዓይን ይዋሻል። ከፍ ያላችሁ ይመስላችሁና ሳታውቁት ዝቅ ዝቅ ትላላችሁ። ረዳቴ "ከፍታ! ከፍታ!" ብሎ ባይጮህ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ አልነበረም።

ልጅቷ ዳነች። ችግሩም እሱ ነው። ሁሉም አጨበጨበልኝ። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ውጤቱ ስላማረ ውሳኔውም ያማረ መሰለኝ። ያደረግኩት ጥፋት መሆኑን ለራሴ ለመናገር ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አውሮፕላኑ ውስጥ የነበርነው አራት ነን። ለአንዷ ብዬ አራቱንም ልፈጅ ነበር፣ እሷንም ጨምሮ።

ኋላ የገባሁበት ድርጅት ደንቡ ቀላል ነበር። ለመሄድ የሁሉም እሺታ ያስፈልጋል፣ ለመቅረት የአንዱ እምቢታ ይበቃል። ካፒቴን ሆነ ነርስ ልዩነት የለውም። አንድ ማታ ነርሷ "እኔ አልተመቸኝም" አለች። ምክንያት ስጪ ብትባል አጥርታ መናገር አልቻለችም። እኔ መሄድ ፈልጌ ነበር። ቀረን። በሽተኛው ሲነጋ ተወሰደ፣ ደህና ደረሰ። ሌሊቱን አየሩ አልተበላሸም። ብንሄድ ምንም አንሆንም ነበር። ሒሳብ ክፍል አጉረመረመ። እኔ ግን በማግስቱ ቡና ጋበዝኳት። እምቢ ያለ ሰው ትክክለኛነቱን እንዲያስመሰክር የምትጠብቁ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ይላችኋል።

ስለ እንቅልፍ አላስረዝምም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ሰውነት ይወርዳል፣ ጀግና አይመርጥም። ደክሞኛል ማለት ሥራችሁ ነው።

ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። አዎ፣ ከትንሹ ጀምሩ። ደሞዙ ቀጭን ነው፣ ስልኩ እንቅልፍ አያስጨርስም፣ ወንበር አውጥታችሁ ቃሬዛ የምትገጥሙት ራሳችሁ ናችሁ። ግን ትንሽ ሁሉ አንድ አይደለም። ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ ስለ ደሞዝ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ "እዚህ በረራ ለመጨረሻ ጊዜ እምቢ ያለው ማን ነው? ከዚያስ ምን ተባለ?" ታሪኩን ሳያቅማሙ ከነገሯችሁ ወረቀቱን ፈርሙ። "የኛ ልጆች እምቢ ብለው አያውቁም" ብለው በኩራት ከነገሯችሁ ግን አመስግናችሁ ፋይላችሁን ይዛችሁ ውጡ።