ዩሪያውን አስቀምጪው፤ የኔን ፖቶስ የገደለው እሱ ነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። «ፖቶሴ ገርጥቷል። ሐረጉ ይረዝማል እንጂ ቅጠል አያወጣም። ወንድሜ ከገጠር ዩሪያ አምጥቶልኛል፣ ስንት ማንኪያ ልጨምርበት?» ብለሻል። አንድ ሰው ደግሞ «ሁለት ማንኪያ ይበቃዋል» ብሎ መልሶልሻል። በናትሽ እንዳታደርጊው! እኔ ያንኑ ሁለት ማንኪያ ጨምሬ የአምስት ዓመት ልፋቴን በአንድ ሳምንት አጥቻለሁ።

ስለ ፖቶስ ምንነትና ስለ አጠጣጡ አላደክምሽም፣ ታውቂዋለሽ። ያንቺም እንደኔው ከቡፌ ላይ ወደ ታች የሚወርድ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ተክል መሆኑ ከፎቶው ይታያል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ማዳበሪያው ልግባ።

1. ዩሪያ የማሳ ማዳበሪያ ነው። ከ100 ኪሎው 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው። ለጤፍ ለብዙ ዓመት ሲመከር የኖረው በሄክታር 100 ኪሎ ዩሪያ ነው። ይህን በካሬ ሜትር ስታካፍዪው 10 ግራም ይደርሳል። 10 ግራም ደግሞ አንድ የሾርባ ማንኪያ ገደማ ነው። አንድ ካሬ ሜትር የጤፍ ማሳ ዓመቱን ሙሉ የሚበቃውን ነው እንግዲህ በአንድ ማንኪያ የምትዘግኚው። የኔ ፖት አፉ 25 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ የአፈሩ ስፋት የካሬ ሜትር ሃያኛ እጅ ብቻ ነው። ሁለት ማንኪያ ስጨምርበት ለጤፍ ከሚሰጠው 40 እጥፍ አድርጌበታለሁ ማለት ነው። ይህን ሒሳብ የሠራሁት ተክሉ ከሞተ በኋላ ነው። አንቺ አስቀድመሽ ሥሪው።

2. በደረቅ አፈር ላይ ማዳበሪያ አይጨመርም። ሁለተኛ ላይ ጻፍኩት እንጂ ለኔ ዋናው ይህ ነው። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ያ ተክል የድሮ ሰፈራችን ሲፈርስ ግድግዳ የምንጋራቸው እናት በጣሳ ውሃ አድርገው የሰጡኝ ቁራጭ ነበር። ሁለት ቅጠል ብቻ ነበረው። እሳቸው ወደ አንዱ ዳር፣ እኛ ወደ ሌላው ዳር ተበተንን። ቁራጩ ግን በአምስት ዓመት ከቡፌው ተነስቶ፣ የመጋረጃውን ብረት ይዞ፣ የሳሎኑን ሁለት ግድግዳ ዞረ። ቤቴ የመጣ እንግዳ ቀድሞ የሚያየው እሱን ነበር። ሥሩ ቆሞ ፎቶ ያልተነሳ ዘመድ የለኝም። እኮራበት ነበር፣ አሁንም ሳስበው እኮራለሁ።

በ2014 ሰኔ መጨረሻ ላይ ገረጣብኝ። ሰማዩ ጠቁሮ ብርሃን ስላነሰው ነው። እኔ ግን ራበው ብዬ ወደ አንድ የእርሻ ግብዓት መሸጫ ሄድኩ። ሰውየው ከጆንያ ዘግኖ በፌስታል ቋጥሮ ሰጠኝ። ጽሑፍ የለው፣ መጠን የለው። «ለቤት አበባ ነው፣ ስንት ልጨምርበት?» አልኩት። ከስልኩ ቀና ሳይል «ሁለት የሾርባ ማንኪያ» አለኝ።

በዚያ ሰሞን የብሎካችን ውሃ ጠፍቶ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። በጀሪካን የቀረችኝን ለምግብ ብቻ ነበር የማብቃቃት። የፖቱ አፈር ደርቆ ከዳር ዳሩ ተላቆ ነበር። በዚያ ላይ ነው ነጫጭ ፍሬዎቹን በትኜ አንድ ብርጭቆ ውሃ ያፈሰስኩበት።

በማግስቱ ሳሎኑ ሸተተ። እንደ ከብት ሽንት አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ነው። ዩሪያ እርጥብ አፈር ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ ሽታውም እሱ ነው፣ ሥሩን የሚለበልበውም እሱ ነው። በሦስተኛው ቀን የቅጠሎቹ ጫፍ ቡናማ ሆነ። ወረቀት በእሳት ከዳሩ ሲበላ እንደሚጠቁረው፣ ቡናማው ከጫፍ ወደ መሐል እየገባ ሄደ። ሲነካ ይንኮሻኮሻል። አፈሩ እርጥብ ነው፣ ተክሉ ግን ውሃ እንዳጣ ይጠወልጋል። ለቋንጣ ሥጋው ላይ ጨው ስትነሰንሺበት ውሃውን ሲተፋ አይተሻል አይደል? ማዳበሪያም ሲበዛ እንደዚያው ነው የሚሠራው። ሥሩ ውሃ መሳቡ ቀርቶ ያለውንም ይነጠቃል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ፖቱን በብዙ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ነበር። ውሃ ከየት ይምጣ!

የተቃጠለ ቅጠል ይዤ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። «እኛ ለገበሬ ነው የምንሸጠው፣ ማን አድርጊ አለሽ?» አለኝ፤ ራሱ እንዳልነገረኝ። ከዚያ ባለሙያ ይኖራል ብዬ ጥቂት ሐረግና ሥር በፌስታል ይዤ አንድ የግብርና ቢሮ ሄድኩ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ተራዬ ሲደርስ ልጅቷ ፌስታሉን አይታ «ለዚህ ነው የመጣሽው?» ብላ ጓደኛዋን ጠርታ ሳቁብኝ። ስለ ሰብል እንጂ ስለ ሳሎን አበባ አይመለከተንም ተባልኩ። አይመለከታቸው ይሆናል። ግን ሦስት ሰዓት ከማስቀመጥ መጀመሪያውኑ በሩ ላይ መናገር ይቻል ነበር። ስለ አፈር ልጠይቅ ብሎ የመጣ ሰው እንዴት ይሳቅበታል? እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የደረሱልኝ የግቢው አትክልተኛ ናቸው። በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፣ በር ላይ አጥር ሥር ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። «ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» አሉኝ። ፌስታሉን ከፍተው አንዱን ሥር በሁለት ጣታቸው ይዘው ሳብ አደረጉት። ልጣጩ ተሸልቅቆ ጣታቸው ላይ ቀረ፣ ከውስጡ ክር የመሰለ ነገር ብቻ ተረፈ። «ይሄ አልቆለታል፣ ላዩን አድኚ» አሉኝ። ጠንከር ያለውን ሐረግ መርጬ፣ ሁለት ሁለት አንጓ እያስቀረሁ፣ ከአንጓው ዝቅ ብዬ እንድቆርጥና ውሃ ውስጥ እንዳቆመው ነገሩኝ። አንጓው ውሃው ውስጥ መግባት አለበት፣ ሥር የሚወጣው ከዚያ ነው።

11 ቆረጥኩ። በማርማላታ ጠርሙስ መስኮቱ ሥር ደረደርኳቸው። አምስቱ በሰበሱ። ስድስቱ በሦስተኛው ሳምንት ነጭ ሥር አወጡ። አሁን ሳሎኔ ውስጥ ያለው ከእነሱ የወጣ ነው፣ ዘንድሮ የመጋረጃውን ብረት ደርሶበታል።

3. በክረምት አትመግቢው። የውጭ አገር ቪዲዮ አይተሽ እንዳትሳሳቺ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ መግቡ የሚሉት የእነሱ ፀሐይ ያኔ ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ ግን ያኔ ደመናና ብርድ ነው፣ ተክሉም ቀዝቀዝ ይላል። ያልተበላ ማዳበሪያ አፈሩ ውስጥ ይጠራቀምና ከላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። እኔ የምጀምረው መስከረም አጋማሽ ላይ ነው፣ ግንቦት ላይ አቆማለሁ። በወር አንዴ ብቻ። የምጠቀመው ውሃ ውስጥ የሚሟሟውን 20-20-20 የሚባለውን ማዳበሪያ ነው፤ ቁጥሮቹ በውስጡ ያለውን የናይትሮጅን፣ የፎስፈረስና የፖታሲየም መጠን የሚያሳዩ ናቸው። ለ10 ሊትር ውሃ አንድ ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ግራም ገደማ። ያንሳል ትዪ ይሆናል። አያንስም፣ የኔን መጥተሽ እዪው። በዋዜማው በንጹሕ ውሃ አጠጣዋለሁ፣ በማግስቱ ማዳበሪያውን እሰጠዋለሁ። ከሥር ሳህኑ ላይ የወረደውን እደፋዋለሁ። በየሦስት ወሩ ደግሞ ሻወር ቤት አስገብቼ ውሃው ከሥር ጠርቶ እስኪወጣ አጥበዋለሁ፤ ውሃ ባለ ቀን ማለት ነው።

20-20-20 ካጣሽ ኮምፖስት ይሻልሻል። የትል ኮምፖስት ካገኘሽማ እሰየው። አንድ ሁለት እፍኝ ከላይ በትነሽ በሹካ ቀስ ብለሽ ከአፈሩ ጋር አደባልቂው፣ ለሦስት ወር ይበቃዋል። ፍግም ይሆናል፣ ግን ተብላልቶ ጥቁር አፈር የመሰለና የማይሸት መሆን አለበት። ትኩሱ እንደ ዩሪያው ያቃጥላል። አፈር ቀይረሽለት ከሆነ ደግሞ ሁለት ወር ምንም አትስጪው።

እናትሽ የቡና አተላ አፍስሺበት እንዳሉሽ ጽፈሻል። የኔም እናት እንደዚያ ይላሉ፣ ደጅ ላለ ጽጌረዳ ምንም አይልም። ፖት ውስጥ ግን አተላው ከላይ ይጋገራል፣ ይሻግታል፣ ትንኝ ይጠራል። ስኳር ወይም ጨው የገባበት ከሆነ የባሰ ነው። አድርቀሽ ኮምፖስት ውስጥ ክተቺው። የሥጋ እጣቢውንም ተዪው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከዝንብ ጋር አይኖርም።

ደግሞ እኮ ያንቺ የራበው አይመስለኝም። የተራበ ፖቶስ መጀመሪያ ቢጫ የሚሆኑት ከግርጌ ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ናቸው፣ አዲሶቹም እያነሱ ይመጣሉ። ያንቺ ግን ሐረጉ ረዝሞ፣ በቅጠልና በቅጠል መካከል አንድ ስንዝር ሊሆን ምንም አልቀረው። ይህ ብርሃን ፍለጋ ነው። ከቡፌው አውርደሽ ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል ራቅ አድርገሽ አስቀምጪው፣ ቀጥታ ፀሐይ እንዳይመታው ስስ መጋረጃ ይኑር። ራቁቱን የቀረውን ሐረግ ቁረጪው፣ ከቆረጥሽበት ሥር ካለው አንጓ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። ልጅ ካለሽ ቁራጮቹን መሬት ላይ አትተዪ። ቢታኘክ አፍና ምላስ ያቃጥላል።

ይህን ሳታነቢ ዩሪያውን ጨምረሽው ከሆነ ነገ አትበዪ። ፍሬው ገና ካልሟሟ ከላዩ ልቀሚው፣ ከዚያ የፖቱን ሦስት አራት እጥፍ ውሃ ቀስ እያልሽ አሳልፊበት። ውሃ ከሌለ ከነሥሩ አውጥተሽ አፈሩን አራግፊና አዲስ አፈር ውስጥ ትከዪው። እኔ ያኔ ይህን አላወቅኩም እንጂ ውሃ መጠበቅ አያስፈልገኝም ነበር።

አዲስ አበባ ከሆንሽ በውስጥ ጻፊልኝ። ጠርሙስ ውስጥ ሥር ያወጡ ሦስት ቁራጮች አሉኝ፣ አንዱን ላንቺ አስቀምጫለሁ።