በጓሮ በኩል አስገቧቸው

ይድረስ ለልጆቼ፣

እንግሊዝ አገር በሚገኙ የቪክቶሪያ ዘመን የባላባት ቤቶች ተማሪዎችን እያዞራችሁ ልታስተምሩ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። በዚህ ሥራ ነው ያረጀሁት፤ ስለዚህ አንድ ነገር ልምከራችሁ። ልጆቹን በፊት ለፊቱ በር አታስገቧቸው።

እኔ ለዓመታት ከእልፍኙ ነበር የምጀምረው። ሥዕሉን፣ ምንጣፉን፣ የብር ዕቃውን አሳያለሁ፤ ልጆቹ ጸጥ ብለው ይሰማሉ፤ እኔም ጸጥታቸውን እንደ መረዳት ቆጠርኩት። አንድ ቀን አንዲት ትንሽ ልጅ “ይህን ሁሉ ማን ያጥበዋል?” አለችኝ። “ሠራተኞች” ብዬ አለፍኳት። ያ መልስ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቤቱን ቀጥ አድርገው ያቆሙትን ሰዎች በአንዲት ቃል ነበር የሸኘኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን ከጓሮው፣ ከቆሸሸ የችግኝ ሸክላ እጀምራለሁ። ገና በልጅነቱ ለአትክልተኝነት የተቀጠረ ልጅ የብርዱን ወራት ከሚያሳልፍባቸው ሥራዎች አንዱ ሸክላ ማጠብ ነበር። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሸክላና አንድ ብሩሽ ስጡት፤ ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን። አፈሩ ጥፍር ሥር ይገባል፣ ጣት ይቀላል፣ ጠርዙ ላይ የደረቀው ጭቃ እንቢ ይላል። ሦስተኛው ሸክላ ላይ ሲደርሱ ወሬው ይቆማል። (ሞቅ ያለ ውሃና ፎጣ አዘጋጁ፤ የሰው ልጆች ናቸው።)

ቀጥሎ የአትክልት ቦታውን ግንብ በእጃቸው አስነኳቸው። ወደ ደቡብ የዞረው የጡብ ግንብ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይመልሳል፤ ኮኩ ተደግፎት የሚያድገው ለዚህ ነው። አንዳንዱ ግንብ ውስጡ ክፍት ነው፤ አበባውን ውርጭ እንዳይመታው የእሳት ጭስ ያልፍበት ነበር። አናናስ ደግሞ በፈረስ ፍግ ሙቀት ይበቅል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1845 የመስታወት ግብር ከተነሳ በኋላ የመስታወት ቤቶቹ በዙ፤ ምድጃቸው ግን ሌሊትም ቢሆን ሰው ይፈልጋል። “ማን ተነስቶ ይቆሰቁሳል?” ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ።

ዋይት ደሴት ላይ ወዳለው የንግሥት ቪክቶሪያ ቤት፣ ኦዝቦርን፣ ከሄዳችሁ የልጆቿን የአትክልት መደብ አሳዩ። ዘጠኙም የየራሳቸው መደብ፣ የስማቸው ፊደል የተጻፈበት መሣሪያና ትንሽ ካሪዮላ ነበራቸው፤ ያመረቱትን አባታቸው አልበርት በገበያ ዋጋ ይገዛቸው ነበር። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ነገር ግን ለመማር ከሚኮተኩት ልጅ ጎን ለእንጀራው የሚኮተኩተውን አትርሱ።

ከተማሪዎቹ መካከል የእኛ አገር ልጆች ካሉ ደግሞ እዚያው ቆም በሉ። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1868 ንግሥቲቱ ፊት የቀረበው ኦዝቦርን ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ አባትም እናትም አልነበረውም። በ18 ዓመቱ አርፎ ዊንዘር ተቀበረ። ይህን በጥድፊያ አትናገሩት። እኔ ስናገር ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ልጆቹ ከእኔ ዕድሜ ይልቅ ለእሱ ዕድሜ ይቀርባሉና።

እልፍኙን መጨረሻ ላይ አስገቧቸው። ጠረጴዛው ላይ ኮክ ካለ ምንም አትበሉ። ጥፍራቸው ሥር ያለው አፈር ገና አልለቀቀም፤ ስለ ግንቡ፣ ስለ ምድጃው፣ ስለ ሸክላ አጣቢው ልጅ እነሱ እየተሻሙ ይነግሯችኋል።